በጊታሩ አንገት ላይ ያለችው ነጥብ

ከገዛ ቤታችሁ አውጥታችሁ መንገድ ላይ የጣላችሁትን ዕቃ ጎንበስ ብሎ ያነሣ ሰው ሌባ የሚባለው በየትኛው ሕግ ነው?

እናንተን ነው የምጠይቀው። «የሙታን ጥርስ ለቃሚ» እያላችሁ በደጁ ስታልፉ ልጆቻችሁን ወደ ጉያችሁ ስትስቡ የነበራችሁትን። ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ቆይ፣ ከየት አገኘው?» አላለም። ወሬ ሲመጣ ወንበር ትስቡለታላችሁ፤ እውነት ስትመጣ ግን ጉዳይ አለብን ብላችሁ ትነሣላችሁ። ዛሬ ተቀመጡ። ሰውየውን የማውቀው እኔ ነኝ። የወደድኩትም እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። መውደዴ ምስክርነቴን ያበላሸዋል የምትሉ ከሆነ፣ መጥላታችሁ የእናንተን ለምን እንዳላበላሸው መጀመሪያ አስረዱኝ።

አባቴ የጥርስ ሐኪም ነበር። ክሊኒኩ ምድር ቤት ነው፤ እኛ ከላይ እንኖራለን። ሌላው ልጅ ወፍ ሲንጫጫ ሲነቃ እኔና ታናሽ እህቴ ከወለሉ ሥር በሚመጣ የመሰርሰሪያ ድምፅ ነበር የምንነቃው። እህቴን ፌንጣ እንላት ነበር፤ ደረጃውን ወርዳው አታውቅም፣ ዘልላው እንጂ። አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላት ትኩሳት ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ቅጽል ስሟ እቤታችን ውስጥ አልተጠራም። አባቴ አልከለከለም፤ እናቴም አልከለከለችም። ቃሉ ብቻ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ሆነ፤ ሁሉም እየዞረው ያልፋል።

አባቴ ሁለት መሰርሰሪያ ነበረው። አንደኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን ሁለተኛው እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ፣ ከአስተማሪው የወረሰው አሮጌ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሌላው ሐኪም በሽተኛውን አፉን እንዳስከፈተ ትቶት ሻማ ፍለጋ ሲራወጥ፣ አባቴ ያንን አሮጌ ጎትቶ ሥራውን ይቀጥላል። ፔዳሉ በአንድ በኩል ተበልቶ ስለነበር አረጋገጡ የራሱ ዜማ ነበረው፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ያንን ስንሰማ «መብራት ጠፋ» እንላለን፣ በጠራራ ፀሐይ።

አባቴ ሲሞት ክሊኒኩ ለታላቅ ወንድሜ ተረፈ፤ እሱም የጥርስ ሐኪም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ወንድምዓለም ነበር የምለው። የአባቴ ጫማ ገና ከበሩ ሥር ሳይነሣ አዲስ ወንበር፣ አዲስ መብራት፣ አዲስ መሣሪያ አስገባ። አሮጌውን ዕቃ ደግሞ በገዛ እጁ እየተሸከመ አወጣው። ሠራተኛ አልጠራም። የእግር መሰርሰሪያውንና የመሣሪያ ሣጥኑን የቆሻሻ መኪና እስኪመጣ ከግድግዳው ሥር አስጠጋቸው። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ አያለሁ።

«ወንድምዓለም፣ ይሄንን እንኳ ተወው።»

«ምን ላድርገው? ሙዚየም ልክፈትበት?»

«የአባዬ ነው እኮ።»

«አባዬ ሞቷል» አለና ሣጥኑን በእግሩ ገፋ አደረገው።

ወደ ላይ ወጥቼ በመስኮት ስመለከት አንድ ሰው ከመሰርሰሪያው ፊት ተንበርክኳል። እጄ የመስኮቱን መዝጊያ ሲወረውረው ይታወሰኛል።

«አንተ ሌባ! ምን ትነካካለህ?»

ልብ በሉ፤ ሌባ ብሎ መጀመሪያ የጠራው ሰፈሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ቀና አለ። ፊቱ ሁሉ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጥቷል።

«ሌባ ከሆንኩ ሰነፍ ሌባ ነኝ» አለ። «በቀን፣ በባለቤቱ መስኮት ሥር፣ ያውም በጉልበቴ።»

«የአባቴ ነው!»

«ታዲያ አባትሽ ለምን ይጥለዋል?»

«አልጣለውም። ሞቶ ነው።»

እጁን ከመሰርሰሪያው ላይ አነሣ፤ የተኛ ሰው እንዳይነቃበት የፈራ ይመስል ቀስ ብሎ። «ይቅርታ እህቴ፣ አላወቅሁም» ብሎ ተነሣ፣ ጉልበቱን ሳያራግፍ ሄደ። ባዶ እጁን። ሰማችሁ? ባዶ እጁን ሄደ። ደረጃውን እንደ ፌንጣ ዘልዬ ወርጄ ያስቆምኩት እኔ ነኝ።

«ቁም እስቲ!»

«ደግሞ አሁን ምን ሰረቅሁ?»

«ለምንድን ነው የፈለግኸው?»

ከጓሯችን በስተጀርባ ባለው መንገድ ጊታር የሚሠራው ሰው መሆኑን ነገረኝ። «የጊታር አንገት ላይ ጣት የሚያርፍበት ጥቁር እንጨት አለ አይደል? እሱ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ይተከላሉ። ነጥቡን ለመትከል እንጨቱን ልክ እንደ ጥርስ መሰርሰር አለብሽ፤ ፀጉር እንኳ በመሃል እንዳይገባ። የኔ መሰርሰሪያ ግን የበሬ እግር ነው፤ የነካውን ሁሉ ያሰፋል።»

«አባቴ የሰረሰረው ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር።»

«እንጨትም ይጮሃል» አለ፤ «ግን ዘግይቶ ነው። ክር ሲገባበት።»

ሳቅሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሳቄ ለራሴ ባዕድ ሆነብኝ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሳቄ እስኪያልቅ ጠበቀው፣ አንዳች ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ።

መሰርሰሪያውን እሱ፣ ሣጥኑን እኔ አንሥተን ስንሄድ ወንድሜ እጁን በፎጣ እያደረቀ በክሊኒኩ በር ብቅ አለ። አየን። «ጎሽ!» አለ። «ከነአቧራው ውሰዱልኝ፤ ገላገላችሁኝ።» መንገዱ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። እዚህ አገር ደግሞ ሌላ ሰው ያልሰማው ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

የእሱ ክፍል ጠባብ ናት። ክር ያልገባባቸው ጊታሮች ከጣሪያው ተሰቅለዋል፤ በሩ ሲከፈት ንፋሱ ያወዛውዛቸውና ሆዳቸው እርስ በርስ ይነካካል። የአባቴ መሣሪያዎች እዚያች ክፍል ውስጥ ሥራ አገኙ። አባቴ የኋላ ጥርስ የሚያይባት ባለ እጀታ ትንሽ መስታወት በጊታሩ ቀዳዳ ገብታ የሆዱን ውስጥ ታሳያለች። ጫፉ የተቆለመመው መንቆሪያ የተቆፈረውን እንጨት ጥግ ይጠርጋል። የጥርስ መሙያ የሚያቦካበት ስስ ብረት ደግሞ ሙጫን ከጥቁር እንጨት ብናኝ ጋር ያቦካል፤ በነጥቡ ዙሪያ ክፍተት ከተገኘ በዚያ ይደፈናል።

«ጊታርም ጥርሱን ያስሞላል» አለኝ አንድ ቀን።

«ይሻላል። ቢያንስ አይተፋም።»

ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ በኩል ማለፍ ለመድኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ተናግሬ ስለምውል ዝም የሚያሰኝ ቦታ ማግኘት ብርቅ ነው። እሱ ይሠራል፣ እኔ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። አንዳንዴ ቀና ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ሁለታችንም ስለ አየሩ እናወራለን። አየሩ ግን ምንም አላደረገም።

«አባትሽ እንዴት ነበር የሚይዘው?» አለኝ መሰርሰሪያውን እያሳየኝ። «እጄ ይንሸራተታል።»

አጠገቡ ተጠግቼ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስቀመጥኩለት፤ አውራ ጣቱን ከጎን፣ ትንሿን ጣቱን እንደ ድጋፍ እንጨቱ ላይ። እጀታው ለብዙ ዓመት ከመያዙ የተነሣ የአባቴ ሌባ ጣት የምታርፍበት ቦታ ጎድጉዷል። የእሱ ጣት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ገባችና ልክ ሆነች።

እጄን አላነሣሁም።

«በረደኝ» አለ።

«ብረት ስለሆነ ነው።»

«አይደለም» አለ።

ከዚያ ፔዳሉን ረገጠ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። «ይሄንን አረጋገጥ ማን አስተማረህ?» አልኩት። «ፔዳሉ ራሱ ነው እንዲህ የሚፈልገው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የተበላ ፔዳል ነው። ነገር ግን እውነት መሆኑ ቅዝቃዜውን አላነሣውም።

እናቴ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ከክፍሏ አትወጣም ነበር፤ መስኮቷም ተዘግቶ ነው የሚውለው። የእሱ ክፍል የጀርባ ግድግዳ የኛን ጓሮ ይነካል። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ መስኮቷ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሷም ፀጉሯን አበጥራ ተቀምጣለች።

«ስሚ» አለችኝ።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

«አባትሽ ዛሬ ሥራ በዝቶበታል።»

«እማዬ፣ እሱ አይደለም። ጊታር የሚሠራው ልጅ ነው። መሰርሰሪያውን…»

«አላበድኩም፣ ልጄ» አለች እጄን ይዛ። «መሞቱንስ እኔ አውቃለሁ። መሰርሰሪያው ነው ገና መርዶው ያልደረሰው። ተዪው፣ ይሥራ።»

ከዚያ ቀን በኋላ መብላት ጀመረች። የሚያስለቅስ ነገር ነው፤ የሚያስፈራም ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አላውቅም፤ እኔ ምግብ አቀረብኩ።

ወንድሜ ግን ደረጃውን እየረገጠ ወጣ። «አንቺ! ያንን ነገር አስቁሚልኝ!»

«ምኑን?»

«በሰው አፍ ውስጥ እጄን ከትቼ የአባዬን እግር እሰማለሁ! እጄ እኮ ይንቀጠቀጣል!»

ያን ጊዜ አዘንኩለት። ዛሬም ያቺን ቃሉን ሳስታውስ አዝንለታለሁ። ማዘኔ ግን ከዚህ በታች የምለውን አንድ ቃል አያስቀንሰኝም።

ጊታር ሠሪው ሊጠይቀኝ ሲወስን ለእኔ አልነገረኝም፤ «ለእናትሽ ጊታር ልሠራላቸው ነው» አለኝ።

«እናቴ ጊታር አትችልም።»

«ግድግዳም አይችልም፣ ግን ይሰቀልበታል። ልጃቸውን ልለምን ስመጣ ባዶ እጄን ልሂድ?»

ብዕሬ ከእጄ ወደቀ። አንሥቶ ሰጠኝ። ስለ አየሩም አላወራንም።

ለዚያ ጊታር ጥሩ ነጭ ነገር ፈለገ። ዛጎል ነበረው፤ አልወደደውም፣ «ያብረቀርቃል፤ እናትሽ የሚያብረቀርቅ ነገር አይወዱም» አለ። ከዚያ የአባቴን ሣጥን ጨርቅ ሲያነሣ ከሥሩ የከረሜላ ቆርቆሮ ወጣ። ውስጡ አምስት ነጫጭ ክቦች አሉ፤ የሸሚዝ ቁልፍ የማያክሉ፣ በጥንቃቄ የተሞረዱና የለሰለሱ። ከአምስቱ አንዷ መሃሏ ላይ የብር ጠብታ የመሰለች ግራጫ ነጥብ ነበረባት።

«አጥንት ይመስለኛል» አለ ወደ ብርሃን አንሥቶ። «እዪው፤ ነጥብ ውስጥ ነጥብ። እኔ በሙሉ ዕድሜዬ እንዲህ ልክክ አድርጌ አልሠራሁም። ማን ነው የሠራው?»

«አባዬ ነዋ፤ ሌላ ማን ይሆናል? አይቼው ግን አላውቅም።»

«እንግዲያው ውሰጂው፤ የናንተ ነው።»

«ወንድሜ ከነሣጥኑ ጥሎታል። ያንተ ነው፤ ትከለው» አልኩት። ይህም ይመዝገብ፤ ትከለው ያልኩት እኔ ነኝ።

ሲያለሰልሳቸው ከክፍሉ ጥግ አንድ ሽታ መጣብኝ፤ የአባቴ ነጭ ካፖርት ሽታ፣ ማታ ወደ ላይ ሲወጣ አብሮት የሚወጣው የተቃጠለ ሽታ። በሩን ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«አጥንት ሲፋቅ እንዲህ ነው» አለኝ። ትክክል ነው፤ አጥንት ሲፋቅ እንዲያ ነው የሚሸተው። ጥርስም እንዲያው ነው።

ሊለምን የመጣ ቀን ታጥቦ መጣ፤ ሽፋሽፍቱ ጥቁር መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እናቴ ከክፍሏ ወጥታ ሳሎን ተቀምጣለች። ወንድሜ አለ፤ አጎቴ አለ፤ የማንም ቤት በር ላይ የማትጠፋው አክስቴም አለች፣ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር።

«ጊታር ሠሪ?» አለች አክስቴ። «ምን ልትበሉ ነው፣ ዘፈን?»

«እትዬ፣ ዘፈን አይበላም» አላት። «ግን ጦም አያሳድርም።»

አጎቴ ሳቀ። ነገሩ እየሰመረ ነበር። ወንድሜ እንኳ ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር። ጊታር ሠሪውም ጊታሩን ከጨርቁ አውጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እናቴ ጭን ላይ አኖረው።

«እማማ፣ ከባለቤትዎ መሣሪያ የመጀመሪያው ሥራዬ ይሄ ነው። የእርስዎ ነው።»

እናቴ ሆዱን ዳበሰችው። ጣቷ በአንገቱ ላይ ወደ ላይ ሄደች፤ በአንደኛዋ ነጥብ፣ በሁለተኛዋ። ከዚያ ጣቷ ቆመች። ጊታሩን ወደ መስኮቱ አዞረችውና የብር ጠብታ ያለባትን ነጥብ በጥፍሯ ነካቻት። ጥፍሯ ስትነካት የሰማሁ መሰለኝ።

«ፌንጣዬ» አለች።

ያ ስም ከስንት ዓመት በኋላ እቤታችን ውስጥ ተጠራ። ወንድሜ ከወንበሩ ተነሣ።

«ይህችን ጥርስ የሞላላት አባቷ ነው» አለች እናቴ፤ ለማንም አልነበረም የምትነግረው። «ጣቱን ነክሳው ነበር። በኋላ የወተት ጥርስ ነውና ወለቀ፤ እሷም… ከሄደች በኋላ ከወለቁት ጥርሶቿ አምስቱን ሞረዳቸው። አምባር ሊያደርግልኝ ፈልጎ ነበር። አልችልም፣ ከዓይኔ ሰውርልኝ አልኩት። መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ሰወረው።»

ጊታር ሠሪው ፊቱ እንደገና ነጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን በብናኝ አልነበረም። እጆቹን አየ፤ የራሱ ያልሆኑ ያህል።

«እማማ… አላወቅሁም። አጥንት መስሎኝ ነው። እነዚህ እጆቼ ይቆረጡ፣ አላወቅሁም።»

እናቴ ግን ወንድሜን ነው ያየችው። ጠየቀችው፤ በቀስታ፣ ሳትቆጣ፦

«ሣጥኑን ከቤት ያወጣው ማነው?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። «እኔ።» ከዚያ ቢያለቅስ እናቴ አብራው ታለቅስ ነበር። የሟች እህቱን ጥርስ ከቆሻሻ ጋር እንደጣለ ያኔ ነው ያወቀው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። የእናቴን ዓይን መሸከም አቃተውና አፉ ያገኘውን ተናገረ።

«ሰርቆ ነው! ዕቃ ቤት ቆልፌበት ነበር፤ ቁልፉን ሰብሮ ነው የወሰደው!»

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ደጅ አውጥተህ ጥለኸው ነው! ሣጥኑን የተሸከምኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺ ዝም በይ» አለ አጎቴ። «ልታገቢው ነው፤ ታዲያ ሌላ ምን ትይ?»

ጊታር ሠሪው ወንድሜን ብቻ ነበር የሚያየው። «ጋሼ» አለው፤ «በሩ ላይ ቆመው ጎሽ አላሉኝም?»

ወንድሜ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ውሸቱን ሊያጠነክረው ይመስል ጊታሩን ከእናቴ ጭን ሊነጥቅ እጁን ሰደደ። «እነቅላቸዋለሁ! ሰባብሬ አወጣቸዋለሁ!»

እናቴ ጊታሩን አቅፋ ጎንበስ አለች፤ ክሮቹ ደረቷ ላይ ተጭነው አንድ የታፈነ ድምፅ አወጡ። «ማንም አይነካትም» አለች። ማንም አልነካትም።

የቀረውን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ የሠራችሁት እናንተ ናችሁና። በሩ ላይ በጠመኔ ጻፋችሁበት። ለጥገና የሰጣችሁትን ጊታር ክር ሳይገባበት እየነጠቃችሁ ወሰዳችሁ። አንዷ እናት ልጇን «እንቢ ካልሽ ጥርስ ለቃሚው ይወስድሻል» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ የቻልኩትን ሁሉ አፍ ለአፍ ገጠምኩ፤ በትምህርት ቤት፣ በገበያ፣ በየደጁ። «ፍቅር ነው የሚያናግራት» ተባለ። ፍቅር ሐሰት ብቻ ነው የሚያናግረው ያላችሁ ማነው?

ጣሪያው ላይ አንድም ጊታር ሳይቀር ክፍሉ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ንፋስ ሲገባ የሚነካካ ነገር የለም።

«እንሂድ» አልኩት። «አብረን። ሌላ ከተማ ሰው ጊታር አይሰማም?»

«እናትሽስ?»

«እማዬ አንተ እንዳልሰረቅህ ታውቃለች።»

«ነግረውሻል?»

እናቴ አልተናገረችም፤ ልጇን ሐሰተኛ ብላ ለመጥራት አፏ አልታዘዘላትም። አንዱን ቀብራለች፤ ሌላውን በቁሙ መቅበር አልቻለችም።

«አንቺ መጣላት ታውቂበታለሽ» አለ። «እኔ አላውቅበትም። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። እናትሽ ፊት ሌባ ተብያለሁ። ይሄ ሳይነሣልኝ ልጃቸውን ይዤ ብሄድ፣ ያኔ ነው በእውነት የሰረቅሁት።»

«እሱ እስኪናገር ልጠብቅህ? እስከ መቼ?»

«ይናገራል። ያ መሰርሰሪያ ባለበት ቤት ዝም ብሎ አይኖርም።»

«የአባቴ መሰርሰሪያ ሰው አያናግርም፤ አፍ ያስከፍታል እንጂ።»

ፈገግ አለ። በዚያ ቀን እንኳ ፈገግ አለልኝ፣ ፈጣሪ ይየው። ትንሿን መስታወት አንሥቼ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። «ይቺን ግን ሰርቄያለሁ በያቸው» አለኝ። ግንባሬን ሳመኝ፤ ሽፋሽፍቱ ላይ ብናኝ አልነበረም፣ ለካ ሥራ ፈትቷል። ያ ነው ያስለቀሰኝ።

መሰርሰሪያውንና ሣጥኑን ተሸክሞ ክሊኒኩ በር ላይ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ካገኘበት ቦታ አስቀመጣቸውና ሄደ። አየኸው አይደል፣ ወንድምዓለም? መስኮቱ ላይ ነበርክ። በዚህ ጊዜ የቆሻሻ መኪና አልጠበቅህም። ወርደህ በገዛ እጅህ አስገባኸው፣ ዕቃ ቤት ከተትከው፣ ቆለፍክበት። ውሸትህን ከኋላ ዞረህ እውነት አደረግኸው። አሁን ማንም መጥቶ ቢያይ ዕቃ ቤቱ በእርግጥም ቁልፍ አለው።

ስለዚህ ከእንግዲህ የምናገረው ለሰፈሩ አይደለም፤ ላንተ ነው።

መጣልህን አልከስህም። ድምፁን መሸከም አቅቶህ ነው የጣልከው፤ ቆርቆሮው ውስጥ ማን እንዳለች አላወቅህም። እኔም አላወቅሁም። እሱም አላወቀም። ሦስታችንም እኩል ባላወቅነው ነገር የተቀጣው ግን እሱ ብቻ ነው። የምከስህ በእማዬ ፊት ባልካት አንዲት ቃል ነው።

እማዬ ጊታሩን አልሰቀለችውም። ከሰዓት በኋላ፣ አባዬ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ዜማ አታውቅም። ጣቷን የብር ጠብታዋ ላይ ታሳርፍና አንዱን ክር ትመታዋለች፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ወለሉ ስስ ነው፤ ከታች እንደሚሰማህ አውቃለሁ። ያን ሰዓት ሬዲዮኑን ከፍ እንደምታደርገው፣ በሽተኞችህም «ዶክተር፣ ምነው ጮኸ?» እንደሚሉህ አውቃለሁ። እጅህ ከመሰርሰሪያው ድምፅ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬ ያ ድምፅ የለም፣ እጅህ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል። መርዶው አንተንም አልደረሰህም ማለት ነው።

እኔ በሩን ክፍት አድርጌ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። እማዬ ከላይ ናት፤ አጎቴና አክስቴ አሉ፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሬዲዮኑን ዝጋው። ፎጣህን አስቀምጥና ወደ በሩ ና። ሁሉም በሰማበት መልስ፦ ያንን ሣጥን ተሸክሞ ደጅ ያወጣው የማን እጅ ነው?